አሥር ደቂቃና የሰው መልክ፤ በባሮ ዳር የተደረገ የፎቶግራፍ ውድድር

በአገራችን ማመልከቻ ጽፎ የማያውቅ ተማሪ ወይም አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ አይገኝም። ማመልከቻው ባለቀም ጊዜ ከግርጌው «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይያያዝ» የሚል ትእዛዝ ይከተላል። ባለጉዳዩ ወደ ፎቶ ቤት ይሮጣል፤ ከነጭ መጋረጃ ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ «አገጭህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ አድርግ» ይባላል፤ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ ነገሩም ያልቃል። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያቺ የሁለት ደቂቃ ሥዕል ግን በመዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ ተሰፍታ ባለቤቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስለ እርሱ ስትመሰክር ትኖራለች። አንዳንዱ ሰው በጉርዱ ላይ አኩርፎ ይታያል። አኩርፎ ሳይሆን ምሳውን ሳይበላ ተሰልፎ ውሎ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ያነሣሣን በየካቲት ወር በጋምቤላ ከተማ ሦስት ፎቶግራፍ አንሺዎች በወዳጅነት የገጠሙት ውድድር ነው። እኛ በውድድሩ ሰዓት ያዥ ነበርን። የውድድሩን ነገር ከመተረካችን በፊት ግን፣ ሰዓትና የሰው መልክ ከጥንት ጀምሮ እንዴት ሲታገሉ እንደኖሩ ጥቂት ማስታወስ ይገባናል።

ፎቶግራፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ በተገለጸ ጊዜ የሰውን መልክ ማንሣት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ብርሃኑ በሰሌዳው ላይ ምልክቱን እስኪተው ድረስ ተነሺው ለብዙ ደቂቃ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ እንዳይወዛወዝም ከኋላው ጭንቅላቱን የሚይዝ የብረት ድጋፍ ይደረግለት ነበር። በአያቶቻችን ዘመን ሥዕሎች ላይ ሰው ሁሉ ፊቱን ቋጥሮ የሚታየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ለብዙ ደቂቃ ሳይሰለቹ ፈገግ ብሎ መቆየት የሚችል ማን ነው?

በዚህ አኳኋን መልካቸው ከተነሣ ኢትዮጵያውያን አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። አባቱን በመቅደላ፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ደግሞ በመንገድ አጥቶአል። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ሥዕሉን አነሣችው። ይህች ሴት ተነሺዎቿን ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቁ በማስቀመጥ የታወቀች ናት። ሕፃኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንዳሰበ የጠየቀው ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን። ሥዕሉን የሚያይ ሁሉ ግን ስለ ዐይኖቹ ሐዘን ሳይናገር አያልፍም።

ከጊዜ በኋላ ሌንሱ ብሩህ፣ ፊልሙም ፈጣን ሆነ፤ ደቂቃው ወደ ሴኮንድ፣ ሴኮንዱም ወደ ሴኮንድ ክፋይ ወረደ። በአገራችን ቤተ መንግሥት ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም በዚህ ሙያ ስማቸው ተጠርቶአል። እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ሆኖ፣ በዓለም ላይ በጥድፊያ ከተነሡት ሥዕሎች ሁሉ እጅግ የታወቀውን ያነሣውም ሌላ አርመናዊ ነው። ዮሱፍ ካርሽ በ1934 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በካናዳ ምክር ቤት ዊንስተን ቸርችልን ሊያነሣ ሲቀርብ የተፈቀደለት ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲጋራቸውን ከአፋቸው አላወጣም ባሉ ጊዜ ካርሽ ቀረብ ብሎ ይቅርታ እየጠየቀ ነጠቃቸውና ወዲያው መሣሪያውን ተጫነው። ዓለም የሚያውቀው ያ ቁጡ የቸርችል ፊት ስለ ጦርነቱ የተቆጣ ይመስላል እንጂ የተቆጣው ስለ ሲጋራው ነው።

የጥድፊያ ሥዕል ሁልጊዜ እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። የፖላሮይድ ኩባንያ በ60 ሴኮንድ ውስጥ ታጥቦ የሚወጣ ሥዕል ለዓለም ካበረከተ በኋላ፣ መሣሪያው በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ይዘው እንዲዞሩ ለሚገደዱበት የይለፍ ደብተር ፎቶግራፍ አገልግሎት ላይ ዋለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ሁለት የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች በአሜሪካ ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር ወጣ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሥዕል ሰውን ከሚኖርበት ከተማ ሊያስወጣው የሚችልበት ዘመን ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ከተማው በባሮ ወንዝ ዳር የቆመ ሲሆን ታሪኩ ከጀልባና ከቡና ንግድ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ቦታ በኢታንግ አጠገብ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። ጣቢያው የተቋቋመው ግን በጋምቤላ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም ድረስ እየመጡ ጨውና ሸቀጥ ያራግፉ፣ የኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ከደጋ የመጡ ሌሎች ኢትዮጵያውያንም በከተማው ይኖራሉ።

እነዚህን ሕዝቦች ፎቶግራፍ ለማንሣት ከውጭ የመጣው ሰው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው የሕዝብ ባሕል ሊቅ ኤቫንስ ፕሪቻርድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በኑዌርና በአኙዋ መካከል ተቀምጦ አጥንቶአል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜም የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ ከጠላት ጋር ተዋግቶአል። በደቡብ ሱዳንና በዚህ ድንበር አካባቢ ያነሣቸው ሥዕሎች በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በአንዳንዶቹ ላይ የተነሺው ስም ተጽፎአል፤ በብዙዎቹ ላይ ግን የለም። ሊቁን ለመውቀስ አይደለም፤ ለትምህርት ያነሣቸው ናቸውና። ነገር ግን ከእርሱ ወዲህ የመጣው መንገደኛ ሁሉ በኑዌር አባቶች ግንባር ላይ የሚታየውን ባለ ስድስት መስመር «ጋር» እያነሣ፣ የግንባሩን ባለቤት ስም ሳይጠይቅ ሲሄድ መኖሩን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ብዙ የተማሩ የኑዌር ወጣቶች ዛሬ ግንባራቸውን አያስበጡም፤ ካሜራው ግን እስከ ዛሬ ግንባር ፈላጊ ነው።

የጋምቤላ ፀሐይ ራሷ ለፎቶግራፍ አንሺ ቀላል ባላጋራ አይደለችም። ከተማው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ከሩብ ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ጊዜ በቀጥታ ከአናት ላይ ትቆማለች። በዚያን ጊዜ የሰው ዐይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ርቆ ስለሚገኝም ፀሐይ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች፤ ዘግይታም ትጠልቃለች። ከአዲስ አበባ የሄደ እንግዳ «ገና አልመሸም» ብሎ ይዘናጋል። ነገር ግን በዚህ አካባቢ ፀሐይ የምትወርደው ቁልቁል በመሆኑ፣ ከአድማሱ በላይ 10 ዲግሪ ስትቀር 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የቀረው። ከጠለቀች በኋላም ድንግዝግዙ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሁለተኛው ችግር የመሣሪያው ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ጥቁር ፊት በነጭ ሰማይ ፊት የቆመ እንደሆነ መሣሪያው ሰማዩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱም ከሰል ሆኖ ይወጣል። በጥንቱ የቀለም ፊልም ዘመን ችግሩ የባሰ ነበር፤ ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት የናሙና ካርድ የነጭ ሴት ፊት ነበረና። ዛሬ የስልክ ሠሪዎች ጉድለቱን ለማረም እየጣሩ ነው፤ ቢሆንም መፍትሔው ዛሬም ያለው ከመሣሪያው ይልቅ በሰውየው እጅ ነው። ይኸውም ተነሺውን ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ፊቱን ወደ ወንዙ ማዞር ነው። በበጋ ባሮ ሲጎድል የሚገለጠው ነጭ አሸዋ እንደ ትልቅ መስተዋት ሆኖ ብርሃኑን ከታች ወደ ዐይን ይመልሳል። ደግሞም በቀይ ፊት ላይ ቅርጽን የሚሥለው ጥላ ሲሆን፣ በጥቁር ፊት ላይ የሚሥለው ወዝ ነው። ስለዚህ የጋምቤላን ሰው ላቡን አስጠርጎ ዱቄት የሚያስቀባ ፎቶግራፍ አንሺ ግማሹን መልክ ከመነሣቱ በፊት ጠረገው ማለት ነው።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ በአዲስ አበባ ፎቶ ቤት ውስጥ ዕድሜውን ያሳለፈ አዛውንት፣ ሁለተኛው ለጋዜጣ የሚሠራ ባልደረባችን፣ ሦስተኛው ደግሞ በጋምቤላ ሠርግና ምረቃ የሚያነሣ የአገሩ ወጣት ነው። ደንቡን ያወጣው አዛውንቱ ነው። እንደ ጥንቱ ባለ 12 ፊልም እያንዳንዱ ሰው 12 ጊዜ ብቻ ይጫናል፤ ለሦስት ተነሺዎች ሲካፈል ለአንዱ አራት ይደርሳል። ለእያንዳንዱ ተነሺ አሥር ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረውም ከሰላምታው ጀምሮ ነው። የተነሺውን ስም ሳይጠይቅ የተጫነ ሰው ሥዕሉ አይቆጠርለትም። ዳኞቹ ተነሺዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በማግሥቱ ከሦስቱ ሥዕል የወደዱትን ይመርጣሉ፤ የታተመውንም ይወስዳሉ። ተሸናፊው የባሮ አሣ ይጋብዛል። በድልድዩ አጠገብ ካሜራ ማውጣት ከጥበቃዎች ጥያቄ ስለሚያመጣ፣ ድልድዩን ወደ ኋላ ትተን ወደ ማንጎዎቹ ወረድን። ሰዓቱ 11 ሰዓት ከ50 ነበር።

ከተነሺዎቹ አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ የአኙዋ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሁለተኛዋ ከደቡብ ሱዳን ተሰድደው ከኢታንግ ወዲያ ባለ ሰፈር የሚኖሩና ለገበያ ወደ ከተማ የመጡ የኑዌር እናት ናቸው። ሦስተኛው የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የማንንም ስም አንጽፍም፤ በደንቡ መሠረት ግን ስማቸው ተጠይቆ በወረቀት ተይዞአል።

ሰዓት ያዥ መሆን የማያስቸግር ሥራ ይመስላል፤ ግን የሰው ጠባይ የሚታየው በዚያ ነው። ባልደረባችን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ የጋዜጣ ሰው ነውና ነገሩ የሚያመልጠው ይመስለዋል። አዛውንቱ ግን ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ አጠገብ ተቀምጦ ስለ ወንዙ፣ ስለ መረቡ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ይጫወት ጀመር። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ስድስት፤ ሰባት። «ሦስት ቀረህ» አልነው። «አውቃለሁ፤ አሁን አባባ እንዴት መቆም እንደሚወዱ እየነገሩኝ ነው» ብሎ መለሰ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ሽማግሌው ተነሥተው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ በትራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። አዛውንቱ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከራስ እስከ እግር ሁለት ጊዜ ብቻ አነሣቸው። የአገሩ ወጣት በበኩሉ በቋንቋቸው እያነጋገረ ቀረብ ብሎ የፊታቸውን መስመር ሁሉ በወንዙ ብርሃን ለቀመው። እውነት ለመናገር በእኛ ዐይን ይኸኛው የሚበልጥ ሥዕል ነበር።

እናቲቱ ከመነሣታቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑ። ሥዕሉ ሩቅ አገር ላለ ወንድማቸው የሚላክ ስለሆነ፣ ከኋላቸው ድንኳንም ሆነ ቆርቆሮ፣ የእርዳታ ጆንያም እንዳይታይ ነው። ወንዙ ብቻ እንዲታይ ፈለጉ። ባልደረባችን «ማሌ» ብሎ በኑዌር ቋንቋ ሰላምታ ሲያቀርብ አነጋገሩ አስቂኝ ሆኖባቸው ኖሮ፣ እጃቸውን ወደ አፋቸው አድርገው ከት ብለው ሳቁ፤ እርሱም በዚያች ቅጽበት ተጫነ። የሴኮንድ ክፋይ ነገር ነው። ከኋላቸው ወንዙ ወርቅ ሆኖአል፤ ዐይናቸው በርቶአል። የዕለቱ ከሁሉ የላቀ ሥዕል ይህ ነበር ብንል የሚከራከረን አይኖርም።

ተማሪው ወደ መጨረሻ ላይ ቀረበ። ብርሃኑ ደክሞአል፤ ትንኙም ተነሥቶአል። የሚያስፈልገው ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ሥዕል መሆኑን ገልጾ፣ ከዚህ በፊት የተነሣውን ጉርድ ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ጥቁር ክብ በነጭ መጋረጃ ላይ፤ ዐይንም አፍንጫም የለም። አንድ የቢሮ ሰው «ይህ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» ብሎ እንደ መለሰው ነገረን። ወጣቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነጭ ሸሚዙን አውልቆ ለእኛ አሲያዘንና ከተማሪው ጉልበት ፊት ለፊት ዘረጋነው፤ ብርሃኑ ከሸሚዙ ተመልሶ ፊቱ ላይ ወደቀ። አራቱንም ተጫነ። ሰዓቱ ሲሞላ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

በማግሥቱ በአንድ ፎቶ ቤት ሥዕሎቹ ታትመው በጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ዓሣ አጥማጁ የወጣቱን ሥዕል፣ እኛ ያደነቅነውን፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ይህ የታመምኩ ጊዜ ነውን?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ጫማቸውና በትራቸው የሚታይበትን የአዛውንቱን ሥዕል አነሡ። ልጆቻቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉት ቆመው ሊታዩ ይገባቸዋልና። ተማሪው የወጣቱን መረጠ፤ ምክንያቱን መጠየቅም አላስፈለገም።

እናቲቱ ሦስቱንም ጎን ለጎን አድርገው ዝም አሉ። ባልደረባችን አሸናፊነቱን እርግጠኛ ሆኖ ፈገግ ብሎ ይጠባበቅ ነበር። እርሳቸው ግን የሳቁበትን ሥዕል በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ወጣቱ ንግግራቸውን ወደ አማርኛ መለሰልን። እናታቸው በስደቱ መንገድ ላይ ሞታለች፤ ወንድማቸው ከዚያ ወዲህ አላያቸውም። «ስስቅ ካየኝ እናታችንን የረሳሁ ይመስለዋል» አሉ። የመረጡት አዛውንቱ ያነሣውን ነው፤ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት ይመለከታሉ። የጥንት ሰዎች እንደ ተነሡት ዓይነት ሥዕል ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ባልደረባችን የሳቁን ሥዕል ለዚህ ገጽ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። ክርክሩም ከንቱ አልነበረም፤ ስለ ስደተኛ የሚታተመው ሥዕል ሁሉ የሚያለቅስ ፊት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የሚስቅ ፊት ቢታይ ምን ክፋት አለው? አንባቢ እነዚህን ሰዎች እንደ ራሱ አድርጎ የሚያያቸው በሳቃቸው አይደለምን? እኛም ክርክሩ ሚዛን እንደሚደፋ አምነን ነበር። ወጣቱ ይህንኑ ለእናቲቱ በዝርዝር አስረዳቸው። እርሳቸውም አስተውለው ሰሙትና፣ ወንድማቸው ባለበት አገር ሰዎች ሁሉ በስልክ ሥዕል እንደሚቀባበሉ፣ ጋዜጣውም ከዚያ የማይደርስበት ምክንያት እንደሌለ መለሱ። እንደዚህ ያለ መልስ ከማንም የጋዜጣ አዘጋጅ አልሰማንም። ባልደረባችን ካሜራውን አውጥቶ እርሳቸው እያዩ ሥዕሉን ደመሰሰው፤ የታተመውንም በእጃቸው ሰጣቸው። እርሳቸው አልቀደዱትም፤ አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

በዚህ ገጽ ላይ ሥዕላቸው ያልወጣው ስለዚህ ነው።

ውጤቱ ሲቆጠር አዛውንቱ ሁለት፣ ወጣቱ አንድ ድምፅ አገኘ፤ ባልደረባችንም አሣ ጋበዘ። በማዕድ ላይ ወጣቱ ለአዛውንቱ ጥያቄ አቀረበ፤ «ጋሼ፣ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲያወሩ ብርሃኑ እንዳያመልጥዎ አልፈሩም?» አዛውንቱ አጥንቱን ከአፉ አውጥቶ፣ በእርሱ ዘመን ፊልም ውድ ስለነበረ ወሬ ርካሽ እንደነበረ ነገረው። ከዚያም ወደ ሸሚዙ ዘዴ ተሻገሩና ሌሊቱ እስኪጋመስ ድረስ ስለ ብርሃን ተከራከሩ።

የዓሣ አጥማጁ ሥዕል ሰፋ ተደርጎ እንዲታተም ታዘዘ። ተማሪው ስድስት ጉርድ አሳትሞ ወሰደ። የእናቲቱ ሥዕል ሁለተኛ ቅጂ፣ ለወንድማቸው ከሚላከው ሌላ ለራሳቸው የሚቀር እንዲሆን፣ በፖስታ ታሽጎ ወደ ኢታንግ ለሚሄድ የመኪና ሾፌር ተሰጠ። ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ለባለቤቲቱ እጅ በእጅ ማስረከቡን ነገረን፤ ለፎቶ ቤቱም አራት ሌሎች ሴቶች እንደሚመጡ መልእክት ይዞ መጣ።